ዛፉ ታሟል ያለው ማነው?

ነገሩ የጀመረው በበር ደወል ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በጁን ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት። እናቴ ቡና ትቆላለች፣ አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፏል፣ እኔ ደግሞ (ሐቁን ልናገርና) ሶፋ ላይ ተጋድሜአለሁ። በሩን ስከፍት አረንጓዴ ካናቴራ የለበሰ፣ ወረቀት የታቀፈ፣ ጥርስ ሳሙና የሚያስተዋውቅ የሚመስል ፈገግታ ያለው ሰውዬ ቆሟል። ስሙ ይቆየን፣ የመጣበት ኩባንያም ስም ይቆየን።

"ጓሮአችሁ ያለው ትልቁ ኦክ ታሟል" አለ። "ቅጠሉን ከመንገድ ነው ያየሁት። ቶሎ ካልታከመ ይሞታል። ከሞተ ደግሞ የሚወድቀው ቤታችሁ ላይ ነው።"

መድኃኒት መርጨቱ 1,400 ዶላር። ዛሬ ከፈረምን 1,100።

እናቴ "ታሟል" የምትለዋን ቃል ስሰማት ነጠላዋን ደረቧ ላይ እያስተካከለች ወጣች። ሰው የታመመ ነው የሚመስላት። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?" አለችኝ፤ ተርጉምልኝ ማለቷ ነው። ልብ በሉ፤ ይህች ጥያቄ በዚያን ቀን ከተጠየቁት ሁሉ ትክክለኛዋ ጥያቄ ነበረች። ሰውዬው ግን አልመለሳትም። እኔም በጊዜው አልገባኝም።

አባቴ ወጣ፣ ዛፉን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ሰውዬውን አየ። የኢትዮጵያ አባት "አይሆንም" አይልም። "እንነጋገርበትና እንደውላለን" አለ። በሩ ሲዘጋ ወደኔ ዞሮ "አንተ ኮምፒውተር ላይ ውለህ ታድራለህ፤ እስቲ ይሄን እወቅልን" አለኝ። እነሆ በዚህ ምክንያት ሕይወቴን ሙሉ ዞር ብዬ አይቼው ስለማላውቀው ዛፍ አምደኛ ሆኜ ቀረሁ።

መጀመሪያ ዛፉን ላስተዋውቃችሁ

የወላጆቼ ቤት ያለው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ሳይርቅ ነው። በአካባቢው ሐበሻ ብዙ ነው፤ ኦክም ብዙ ነው። ሁለቱ ግን እምብዛም አይተዋወቁም።

አዲስ አበባ ለምትገኙ አንባቢዎቻችን፦ ኦክ እናንተ ሰፈር የሚበቅል ዛፍ አይደለም። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ ሲባል የሰማችሁት የዚሁ ዘር ነው። በየመንገዱ የምታዩትን ግራቪሊያ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች "ሐር መሳዩ ኦክ" ይሉታል፤ በስም እንጂ በዘር ግን አይገናኙም። ለአሜሪካኖች ኦክ ትልቅ ነገር ነው። ነጩ ኦክ የሜሪላንድ የግዛት ዛፍ ነው፤ ስካርሌት ኦክ የዋሽንግተን ዲሲ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ ቆሟል ይባል የነበረው ዋይ ኦክ በጁን 2002 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በዝናብና በነጎድጓድ ማዕበል ሲወድቅ ሰዉ ዘመዱ የሞተበት ያህል ነው ያዘነው።

እኛ ጓሮ ሁለት ኦኮች አሉ። አንደኛው መሐል ላይ የቆመው ነጭ ኦክ ነው፤ ከቤቱ በፊት የነበረ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ከአጥሩ ጥግ ያለው ቀይ ኦክ ነው። ለመለየት ቀላል ነው፦ የነጩ ቅጠል ጣቶቹ ክብ ክብ ናቸው፤ የቀዩ ጣቶች ሾል ብለው ጫፋቸው ላይ ፀጉር የመሰለች እሾህ አለቻቸው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች። ዛፉን ሳያውቅ በሽታውን አውቃለሁ የሚል ሰው፣ በሽተኛው ሕፃን ይሁን ሽማግሌ ሳይጠይቅ ኪኒን እንደሚቆጥር ፋርማሲስት ነው።

ሰውዬው ታሟል ያለው ነጩን ነው። እውነትም ቅጠሎቹ ያስጨንቃሉ። በተለይ ታችኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ያሉት ተጨማድደዋል፣ በደም ሥሮቻቸው ዙሪያ ቡኒ ቡኒ የተቃጠለ የሚመስል ነገር ወርሷቸዋል፣ ብዙዎቹ ሣሩ ላይ ረግፈዋል።

የጎረቤታችን ጉቶ

ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንዲት የእናቴ የማኅበር ጓደኛ አሉ። እኛ ከመጠየቃችን አንድ ዓመት በፊት እሳቸውም በራቸው ተደውሎ ነበር። እሳቸው አልተነጋገሩበትም፤ ፈሩና አስቆረጡት። ብዙ ሺህ ዶላር ከፈሉ። ዛፉ የወደቀ ቀን ቡና ልንጠጣ ሄደን ጉቶውን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ጠንካራ፣ ምንም ያልበሰበሰ፣ እርጥብ እንጨት። የዓመት ቀለበቶቹን መቁጠር ጀምሬ ሰማንያ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ።

በሚቀጥለው በጋ የቤታቸው የምዕራብ ክፍል ምድጃ ሆነ። የኤሌክትሪክ ሂሳባቸው ጨመረ። ዛፉ ሲመጥጠው የነበረው የዝናብ ውሃ አሁን ቤዝመንታቸውን ይጎበኛል። "ምነው ያኔ አንድ ሰው በጠየቅሁ" አሉኝ አንድ ቀን። ማንን እንደሚጠይቁ ግን አያውቁም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

ክርክሬን እንግዲህ በግልጽ ላስቀምጠው፦ ምርመራ ሳይኖር ሕክምና የለም። ዛፍም ቢሆን። እኛ ግን (እዚህም እዚያም ያለን እኛ) መድኃኒቱን እንጂ ምርመራውን አንወድም። አዲስ አበባ ጉንፋን ሲይዘን አሞክሳሲሊን ፍለጋ እንሮጣለን፤ ጉንፋን የቫይረስ መሆኑንና አንቲባዮቲክ ቫይረስን እንደማይነካ የነገረን ሰው "አይገባውም" ይባላል። ያው ጠባይ ሻንጣችን ውስጥ ገብቶ አትላንቲክን ተሻግሯል። ፈርተን እንከፍላለን፣ ስንከፍል እፎይ እንላለን፣ እፎይታውን እንደ መዳን እንቆጥረዋለን።

የእናቴ ጥያቄ

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመው?" ብላ ነበር እናቴ። ሳነብ ሳነብ የደረስኩበት ነገር ቢኖር የኦክ ቅጠል በሽታ ግማሹ መልስ ያለው ካሌንደር ላይ መሆኑን ነው።

ቅጠሉ በጸደይ፣ ገና እንደወጣ፣ ቀዝቃዛና ዝናባማ ሳምንታት ተከታትለው ከሆነ፣ ጉዳቱም ከታች ቅርንጫፎች ጀምሮ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ከሆነ፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ አንትራክኖዝ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው። ነጭ ኦክ ደግሞ የእሱ ወዳጅ ነው። ፈንገሱ ክረምቱን የሚያሳልፈው በወደቁ ቅጠሎችና በደረቁ ቀንበጦች ላይ ነው፤ የጸደይ ዝናብ ጠብታ ዘሩን ወደ አዲሱ ለጋ ቅጠል ያፈናጥረዋል። መልኩ ያስፈራል፣ ጉዳቱ ግን ለጤነኛ ትልቅ ዛፍ ከቁንጫ ንክሻ አይበልጥም። ሙቀቱ ሲመጣና አየሩ ሲደርቅ ይቆማል። ዛፉ ሌላ ቅጠል ያወጣል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ለአንትራክኖዝ የፈንገስ መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው ግን ቡቃያው ሲፈነዳ፣ ከበሽታው በፊት ሲረጭ ነው። የተቃጠለን ቅጠል መልሶ አረንጓዴ የሚያደርግ ፈሳሽ የለም። ሰውዬው የመጣው በጁን ነው። ማለትም 1,400 ዶላሩ ዝናቡ ካባራ በኋላ ለተሸጠ ጃንጥላ ነበር። በዚያ ላይ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ዛፉ በራሱ ያገግማል፤ እናም "አያችሁ! መድኃኒቱ ሠራ" እንባል ነበር። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። በራሱ ለሚድን በሽታ መድኃኒት መሸጥ የማይከስር ንግድ ነው።

ሌሎቹንም ባጭሩ። በጸደይ ቅጠሉ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ እሳት ያቃጠለው ቆዳ እብጥ እብጥ ያለ ነገር ካያችሁ፣ እሱም ፈንገስ ነው፤ በአብዛኛው ይተዉታል። በበጋው መጨረሻ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠልም እንዲሁ፤ ቅጠሉ ሊረግፍ ነው፣ ሥራውን ጨርሷል። ቅጠሉ ላይ ወይም ቀንበጡ ላይ የበቀሉ ክብ ኳሶች ደግሞ በሽታም አይደሉም፤ ትንንሽ ተርቦች እንቁላል ጥለው ዛፉ የሠራላቸው ቤቶች ናቸው። ቅጠሉ ቢጫ፣ ደም ሥሩ ግን አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ነገሩ ያለው አፈሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ፒን ኦክ የተባለው ዓይነት ኮንክሪትና ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ለዚህ ፈንገስ መድኃኒት መርጨት የደም ማነስ ላለበት ሰው የራስ ምታት ኪኒን እንደመስጠት ነው። የአፈር ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

2021ን የምታስታውሱ የዲሲ አካባቢ ሰዎች አላችሁ? በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚወጡት ሲካዳዎች የወጡበት ዓመት ነው። ሴቶቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በቀንበጥ ውስጥ ሰንጥቀው ስለሆነ፣ በዚያ በጋ የአካባቢው ኦኮች ጫፍ ጫፋቸው ቡኒ ሆኖ ተንጠለጠለ። የማያውቅ ሰው ዛፉ ሁሉ ሊያልቅ ነው ይላል። ለትልልቆቹ ዛፎች ግን ጫፋቸውን እንደመከርከም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመለሙ።

"ኤክስቴንሽን? እዚህ አገር?"

አባቴ ያደገው ጅማ ነው፣ ቡና መሐል። ሁሌ የሚያወራው በ1971 ወደ ኢትዮጵያ ስለገባው የቡና ፍሬ በሽታ ነው፤ ፍሬው እንዴት እንደጠቆረ፣ ገበሬው እንዴት እንዳለቀሰ። በዚያ ዘመን የጅማው የምርምር ማዕከል ሰዎች ከበሽታው መሐል ያልታመመውን የቡና ዛፍ እየፈለጉ፣ ዘሩን እየወሰዱ፣ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መረጡ። አስቡት፤ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ማየት ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ላነብለት ቁጭ ስል "ቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ" አልኩት። አባቴ ሳቀ። "ኤክስቴንሽን? እዚህ አገር? የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አለ ነው የምትለኝ?"

አለ አባዬ። እንዲያውም ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው። አሜሪካ በ1914 ባወጣችው ሕግ የግብርና ዩኒቨርሲቲዎቿ ዕውቀታቸውን ወደ ሕዝቡ ይዘው እንዲወጡ አደረገች። ከዚያ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ይህንኑ መንገድ ይዘው ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትንና ዓለማያ ኮሌጅን ሲያቋቁሙ አብረው ሠሩ። አባቴ በልጅነቱ በየማሳው ሲዞሩ ያያቸው ባለሙያዎች ከዚያ ትምህርት የወጡ ናቸው። አሁን አርጅቶ፣ ተሰድዶ፣ የዚያው ሥርዓት መነሻ አገር ውስጥ ቤት ገዝቶ ይኖራል፤ ቢሮው ደግሞ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ግብር ከፍሎበታል። አንድ ቀን ግን በሩን አንኳኩቶ አያውቅም።

ለምን? አንደኛ ማንም አልነገረውም። ሁለተኛ እንግሊዝኛውን ያፍርበታል። ሦስተኛ ደግሞ (ይሄ የእኛ የልጆቹ ጥፋት ነው) እኛ ለታክስና ለኢንሹራንስ ደብዳቤ እንጂ ለዛፍ እናስተረጉምለታለን ብሎ አላሰበም።

ሄድን። የቢሮው በጎ ፈቃደኞች በየገበሬ ገበያውም ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እኛ የሄድነው እዚያ ነው። አንዲት አዛውንት አሜሪካዊት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አባቴ በላስቲክ ይዞት የሄደውን ቅጠል ገለባበጡት። የጠየቁን ጥያቄ እነሆ፦ ምን ዓይነት ኦክ ነው? መቼ ጀመረ? ከላይ ነው ከታች? በየዓመቱ ይመለሳል ወይስ ዘንድሮ ብቻ? ባለፉት ዓመታት ሥሩ አጠገብ የተቆፈረ፣ የተገነባ፣ የተደለደለ ነገር አለ?

ለነጩ ኦክ መልሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንትራክኖዝ። አትርጩ። የረገፈውን ቅጠል ጠርጉና አስወግዱ። ድርቅ ከሆነ ውሃ አጠጡት። ክፍያ? ምንም።

አባቴ ግን አልተነሳም። የመጨረሻዋ ጥያቄ አሳስባዋለች። "በላቸው" አለኝ፤ "ሰርግና ለቅሶ ሲሆን ሰው መኪናውን እዛፉ ሥር ነው የሚያቆመው።"

ተረጎምኩ። ሴትየዋ ፊታቸው ተለወጠ። ለካስ የዛፍ ሥር እኛ እንደምናስበው ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ካስማ አይደለም። ውሃና ምግብ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት ከላይ ባለችው በክንድ ጥልቀት አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይሄዳሉ። ሃያ መኪና በእርጥብ መሬት ላይ ሲቆም አፈሩን እንደ ሲሚንቶ ይጠቀጥቀዋል፤ ሥሩ ይታፈናል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ማንም ከለቅሶው ጋር አያያይዘውም። በቤታችን ዛፍን ሊገድል የሚችለው ትልቁ ነገር የኛው ማኅበራዊ ኑሮ ነበር ማለት ነው!

እውነተኛው በሽተኛ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ሌባ፣ ዛፉ ጤነኛ፣ እኛ ብልጦች። ግን አላለቀም።

አባቴ ከዚያን ቀን በኋላ ዓይኑ ተከፈተ። የቡና ዓይኑን ማለቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ጓሮውን መዞር ጀመረ። ኦገስት ላይ ጠራኝ። "ና እስቲ ይሄኛውን እይ።" የአጥሩ ጥግ ቀይ ኦክ ነው። ማንም ታሟል ያላለው። አንድ ወገን ያሉት ቅርንጫፎቹ ላይ ቅጠሉ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ደርቋል፤ በደረቀውና በአረንጓዴው መሐል ደግሞ ቢጫ መስመር አለ፣ ልክ ጥለት የመሰለ። "ይሄ አምናም ነበር" አለ አባቴ። "ካቻምናም። ሙቀት ነው እያልን ነበር።"

በበጋ መጨረሻ የሚጀምር፣ ከጠርዝ የሚነሳ፣ በየዓመቱ የሚመለስና ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚሰፋ። ካሌንደሩ ሌላ ነው፤ ስለዚህ በሽታውም ሌላ ነው። በሴፕቴምበር ቅጠሉን በካውንቲው ቢሮ በኩል ወደ ቨርጂኒያ ቴክ የዕፅዋት በሽታ ክሊኒክ ላክነው። ይሄኛው በክፍያ ነው፤ ግን ሰውዬው ከጠየቀን ጋር አይወዳደርም። መልሱ መጣ፦ ዛይሌላ የሚባል ባክቴሪያ። ጣሊያን ውስጥ፣ ፑልያ በተባለችው ክፍለ ግዛት፣ በ2013 ከተገኘ ወዲህ የወይራ ዛፎችን የጨረሰው የዚሁ ዘር ነው። የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡ ትናንሽ ነፍሳት ከዛፍ ዛፍ ያጋቡታል፤ ባክቴሪያው ዛፉ ውሃ የሚያመላልስባቸውን ቱቦዎች እየደፈነ ቅጠሉን በጥም ያደርቀዋል።

ፈውስ የለውም። ግንዱ ውስጥ በየዓመቱ የሚወጋ አንቲባዮቲክ አለ፤ ምልክቱን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ዓመታት ይወስድበታል። አባቴ ይህንን ሲሰማ ዝም አለ። በኋላ "እኔ እንደሱ ብሆን ይወጉኝ ነበር ወይስ ይተዉኝ ነበር?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ናት የመለሰችው፦ "አንተን በየዓመቱ እየወጋሁ አኖርሃለሁ። ዛፉን ግን እግዜር ይማረው።"

የወሰንነው ይህንን ነው፦ መርፌ የለም። የደረቁ ቅርንጫፎቹ በክረምት ይቆረጣሉ። ለምን በክረምት? ምክንያቱም በጸደይና በበጋ መጀመሪያ የተቆረጠ ኦክ ቁስሉ ነፍሳትን ይጠራል፤ ነፍሳቱ ደግሞ ኦክ ዊልት የተባለውን፣ ቀይ ኦክን በሳምንታት ውስጥ ሊገድል የሚችለውን ፈንገስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እሱ ሲይዝ ቅጠል ከዛፉ አናት ጀምሮ በበጋ መሐል ይረግፋል። ይህንን ካያችሁ "ይሻለው ይሆናል" ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ባለሙያ ጥሩ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰውዬው በራሱ ሊድን ለሚችለው ዛፍ መድኃኒት ሸጠ፤ መዳኛ የሌለውን አጠገቡ ቆሞ አላየውም። ውሸታም ነው አልልም፤ ምናልባት እሱም የተማረው መሸጥ ብቻ ይሆናል። እኛም ብንሆን "በቃ ዛፍ ነው፣ ተዉት" ብለን ቢሆን ኖሮ የማእዘኑን ዛፍ የምናውቀው ቅርንጫፉ የጎረቤት መኪና ላይ ሲያርፍ ነበር። ስለዚህ "አትመኑ፣ አትክፈሉ" እያልኳችሁ አይደለም። መጀመሪያ እወቁ ነው የምለው።

ለሚከራከሩኝ

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህንን ሳወራ "አንተ ደግሞ! ሰው ስለ ኪራይ ይጨነቃል አንተ ስለ ቅጠል ትጽፋለህ" ይሉኛል። ትክክል ናቸው፣ በከፊል። ግን ለወላጆቻችን ቤታቸው የሠላሳ ዓመት የታክሲና የፓርኪንግ ሥራ ላብ ነው። ያንን ላብ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት 1,400 ዶላር፣ 1,400 ዶላር እያደረገ የሚወስድ ሰው ሲመጣ፣ መሐል ቆሞ "እስቲ ቆይ" የሚል ልጅ ያስፈልጋቸዋል።

ሌሎቹ ደግሞ "ዛፍ እኮ እውነትም ይወድቃል፣ ሰው ይገድላል፤ ከሚያሰጋ መቁረጥ ይሻላል" ይላሉ። ይህንን አልንቅም። በ2018 ዋሽንግተን 66.28 ኢንች ዝናብ ጣለ፤ በታሪኳ ተመዝግቦ የማያውቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ሥራቸው በውሃ የታፈኑ ብዙ አሮጌ ነጭ ኦኮች ሲሞቱ ታይቷል። ግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ፣ ዛፉ ወደ ቤት ካዘነበለ፣ አፈሩ ከተነሳ፣ ትልልቅ ቅርንጫፍ ከደረቀ፣ አደጋ ነው። ግን ይህንን የሚወስነው የመቁረጫ መጋዝ የጫነው ሰው ብቻ አይሁን። የአርቦሪስት የምስክር ወረቀት ያለውንና ለምርመራው እንጂ ለመቁረጡ የማይከፈለውን ሰው ጠይቁ። በቨርጂኒያ በገንዘብ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የግዛቱ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ "አሳየኝ" ማለት ነውር አይደለም። ሁለተኛ ዋጋና ሁለተኛ አስተያየት ሳታዩ አትፈርሙ። "ዛሬ ካልፈረማችሁ" የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ዛፉ ሳይሆን እሱ ነው የቸኮለው።

ዛፍ መቁረጥ የማይመለስ ነገር ነው። መቶ ዓመት የበቀለ በግማሽ ቀን ይወድቃል። በዚህ አካባቢ የኦክን ቅጠል የሚበሉ የቢራቢሮና የእሳት ራት ዓይነቶች ከ500 በላይ ናቸው፤ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነዚያ ትሎች ነው። እትዬ ጉቶው ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠዋል። ያምራል። ጥላ ግን አይሆንም።

ለእኛ የቀረ ሥራ

እኛ ወጣቶቹ ለወላጆቻችን ስልክ እናስተካክላለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ የሐኪም ቀጠሮ ላይ እናስተረጉማለን። አንድ ነገር ጨምሩበት። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ ከቡናው በፊት ጓሮ ውጡ። ቅጠሉን በስልካችሁ አንሱት፣ ቀኑን ጻፉበት። በሚቀጥለው ወር እንደገና አንሱት። ያቺ የፎቶ አልበም የዛፉ የሕክምና ካርድ ናት። ግንዱ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ተከምሮ የተቀመጠ የእንጨት ፍርፋሪ ካለ ከግንዱ አርቁት፤ ቀጠን አድርጋችሁ ዘርጉት እንጂ ግንዱን አታልብሱት። ለሚቀጥለው ሰርግ መኪናውን መንገድ ላይ አስቁሙ። ነገሩ ከገረማችሁ የካውንቲያችሁን ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ። ሜሪላንድም አለ፣ ሁሉም ግዛት ውስጥ አለ። ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ቅጠል ማየት ከእናንተ የበለጠ እነሱ ይችሉበታል፤ የጎደላቸው እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ነጩ ኦካችን በዚያው ጁላይ ላይ አዲስ ቅጠል አወጣ። ሰውዬው በነሐሴ ግድም ተመልሶ መጥቶ ደውሎ ነበር። በሩን የከፈተው አባቴ ነው። ቡና ጋበዘው፣ ጓሮ ወሰደው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛው የቀዩን ኦክ ቅጠል እያሳየ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ቅጠሉን አገላብጦ አየና "ሙቀት ነው" አለ።

አባቴ ምንም አልመለሰም። አባሻ ቡናውን አስጨርሶ ሸኘው። በበልጉ ከቀዩ ኦክ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ለጋ ነጭ ኦክ ተክሏል፤ ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ጥላው ለሱ እንደማይደርስለት ያውቃል። በየጠዋቱ ግን ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ ያያል።